ሦስተኛው ወረቀት

ከአዳራሹ ደጃፍ ባጃጅ ተሳፍሬ፣
ክራቫቴን ፈትቼ ከኪሴ ቀብሬ፣
ሹፌሩ ጀመረኝ ሞተሩ ሳይሞቅ፦
«አዩልኝ ጋሼ፣ ፍርድ ሲሰረቅ?
ሦስት ዙር ሙሉ ልጁ እያሳደደው፣
አንሙትን ከገመድ እያስደገፈው፣
መጨረሻ ላይ የአንሙት እጅ ተነሣ!
ዳኛ ነው፣ ወይስ ዓይኑ ፈጦ የሚያንቀላፋ ዓሣ?»

ዝም አልኩ።
የዘንባባው ጥላ በፊቴ ላይ ሲያልፍ፣
ደረት ኪሴ ውስጥ ነው፣ አራት ቦታ ሲታጠፍ፣
የካርቦን ግልባጩ፦
ቀይ ሃያ ዘጠኝ፣ ሰማያዊ ሃያ ስምንት፤
ከግርጌው ፊርማዬ፣ እንደ ዓሣ አጥንት።
አንዱ ዳኛ ለቀይ፣ አንዱ ለሰማያዊ ሰጥተው
ሦስተኛው እኔ ነኝ።

የልጁ ስም ደግሞ ራሱ ነገር አለው፦
«ማን ይልቃል?» ሲል ግማሹ ቤት፣
«ይልቃል! ይልቃል!» ሲመልስ በጩኸት፣
ስም ይሁን ፍርድ ይሁን ማን መለየት ይችላል?
እኔ ግን ጻፍኩኝ፦ አንሙት ይበልጣል።

በማግስቱ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።
የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤
ቁጥር አይቶ መጻፍ ነው ጥርስ የነቀልኩበት፣
ቡጢ ግን ቱቦ የለው፣ ቆጣሪ አልገጠሙለት።

የዓሣ መጥበሻው ሰፈር፣ ከሐይቁ ዳር፣
ከእምቦጩ ሽታ ጋር ይንጫጫል ክርክር።
ቆቤን እንጂ ፊቴን ያየ ሰው የለም።
ባለምላይ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ጡረታ የወጣው፣
ሁለት ዓሣ አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ አፋጠጣቸው፦
«አምባዛው አንሙት ነው፣ ቆሮሶው ይልቃል፤
ሦስተኛው ዙር ላይ እንዲህ አድርጎ ይለዋል...»
ትጓደድ ጮኸች፣ ቢላዋዋን እንደያዘች፦
«ዓሣዬን መልስልኝ! ገና አልተሸጠም።
ደግሞስ የመታ እንጂ ያሳደደ አይበልጥም።»
«ሸሽቶ ነጥብ አለ ወይ?»
«መትቶ መሸሽ ታዲያ ሙያ አይደለም ወይ?»
«እንዲያ ከሆነማ ዝንብም ሙያተኛ ነው!»
ከወዲያ ጥግ አንዱ፣ እሾህ እየተፋ፦
«ዳኛውን ጠይቁ፣ ስንት እንደበላ እሱ ነው የሚያውቀው።»

አልበላሁም።
ነገሩ ከዚያ ያንሳል፤ ስለዚህም ይከፋል።
ሦስተኛው ዙር ሊያልቅ ዐሥር ሰከንድ ሲቀረው፣
የመሀል ዳኛው ጀርባ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ሰፊው፣
በእኔና በልጆቹ መካከል ቆመ።
«ጧ!» የሚል ሰማሁ። አንድ ጭንቅላት ዘመመ።
የማን?
አዳራሹ ተነሣ። ደወሉ ተደወለ።
እርሳሴን አነሣሁ፣
ሸሚዝ አነበብኩና ነጥቡን ለአንሙት ሰጠሁ።
ድምፁ ከቀይ በኩል ስለመጣ ነው? ወይስ ደክሞኝ?
አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ያንን ጀርባ
አንድ እርምጃ፣ አንዲት እርምጃ ብቻ፣ ወደ ግራ ስገፋው አደርኩ፤
አይነቃነቅም።

ከመጥበሻው ኋላ፣ ከቦኖው ቆጣሪ
ጎንበስ እንዳልኩ ጥላ መጣብኝ።
ይልቃል።
ግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤
ከታንኳ ያወረደው መረብ ከትከሻው ይንጠባጠባል።
ክርክሩ ቆመ። ባለምላይ አምባዛውን ከኋላው ደበቀ።
ልጁ ቧንቧውን ከፈተ፣ ፊቱን ቀስ ብሎ ታጠበ፣
በቀረችው ዓይኑ አየኝ።
አወቀኝ? አላወቀኝ?
«ስንት ይላል?» አለኝ።

ምላሴ ላይ የመጣው ሃያ ስምንት ነበር።
መስታወቱን ጭቃ ሸፍኖታል፣ የደረቀ፤
ከሥሩ ቁጥሮቹ አሉ፣ ከሰው ጀርባ እንደ ቆመ ሰው።
ያለፈው ወር ንባብ አለኝ፤ ትንሽ ጨምሬ
በግምት ልጽፍ እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድኩ።
ያበጠ እጁን ዘረጋ፣ ደብተሬ ላይ አሳረፈው።
«ቆዩ ጋሼ፣» አለኝ፣
«መጀመሪያ ይጥረጉት።»