የመጨረሻው ተርጓሚ

ስምንት ሜጋባይት ነው፤ የሳጥኑ ሆድ ጠባብ፣
ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር፣ ከውሃው ሊያነብብ።
ስክሪን የለው፣ ድምፅ የለው፤ ሥራው ቁጥር ማውጣት፣
ውሃው የት እንደደረሰ በየሰዓቱ መለካት።

ባውትሰን ከተማ፣ ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ፣
ውጭ የኅዳር ዝናብ፤ እኔ ከሊኑክስ ጋር ስተናነቅ።
ኮምፓይል ባደርገው ከልኩ አልፎ ዋለ፣
«ቦታ የለም» ብሎ ሳጥኑ ግግም አለ።

ምን ይቀነስ? ብዬ ዝርዝሩን ስፈታ፣
ቋንቋዎች አገኘሁ፣ ተደርድረው በተርታ፤
የስዊድን፣ የጃፓን፣ የቱርክ፣ የቬትናም፣
ስህተትን ሊናገር ያልመጣ ቋንቋ የለም።
ለማን ነው ይሄ ሁሉ? ጉድጓድ ማን ይወርዳል?
ለእንቁራሪቷ እንደሁ የራሷ ይበቃታል።

ስለዚህ ጻፍኩበት፣ በሁለት ሰረዝ ጀምሬ፣
«የቋንቋ ድጋፍ ይጥፋ»፤ አንዲት መስመር ጨምሬ።
ጥፋት አይደለም ይህ፤ የሙያው ወግ ነው፤
ጠባብ ቤት ሲገቡ ጓዝ ነው የሚቀነሰው።

ግን ከመጫኔ በፊት ዐይኔ ቁልቁል ወረደች፣
ከተርታው መካከል አንዲቷ ላይ ቀረች፦
የላይኛው ሶርብኛ። የእኛው። የእናቴ።
ሠላሳ ኪሎባይት። ደነገጠች ጣቴ።

ከፈትኳት። ከራስጌው፣ እንደ ወጉ፣ ስም ሰፍሯል፤
«የመጨረሻው ተርጓሚ» ካለው ጎን፣ «ብያርናት ክራውትስ» ይላል።
ከስሙ ሥር ቀኑ አለ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው፣
ካረፈበት ክረምት ሦስት ወር ሲቀረው።

የሒሳብ መምህሬ። ጥርሱ በፒፓ የጠቆረ፣
ኮቱ በጠመኔ የተዥጎረጎረ።
መንደራችን ሲፈርስ፣ ከሥሩ ከሰል ተገኝቶ፣
ኤክስካቫተር ጓሮውን እንደ ዳቦ ገምጦ በልቶ፣
እሱ ኮምፒውተር ገዛ፣ በስድሳ አምስት ዓመቱ።
በተሰጠው አፓርታማ፣ በማይለምደው ቤቱ፣
ሌሊት ሌሊት ይተይባል፣ እያቃሰተ፣ በአንድ ጣቱ፤
«ፋይል ምን ይባላል?» ነው ሁለት ሳምንት ሙግቱ።
ከዳር ማስታወሻ አለ፦ «የአጃ ጎተራ የሚል ቃል አለን፤
ማህደርን ጎተራ ብንለውስ ማን ሊከለክለን?»

ወረድ ስል ያቺን መስመር አየሁ፣
በእንግሊዝኛ ሺህ ጊዜ ሳልሰማት ያለፍኩ፦
«የጠሩት ጎተራ በቦታው አልተገኘም።»

አዎ። እኛም ፈልገን አላገኘነውም።
ያለው ጉድጓድ ብቻ፣ የከሰሉ ቦታ፤
ሳጥኔ ሊቆጥረው የተላከው ውሃ፣ ጠብታ በጠብታ።

እና ምን አደረግኩ? ተጫንኩት። አዎ፣ ተጫንኩት።
ሳጥኑ ያው ሳጥን ነው፤ ለትዝታ ቦታ አልተውኩለት።
ሥራው ተጠናቀቀ፤ ስድስት ነጥብ ሁለት ሜጋባይት፣
ሰኞ ወርዶ ገባ፣ ዲዳ ሆኖ፣ ጨለማ ቤት።

ማታ ግን ቤቴ ገብቼ ያንኑ ፋይል ከፍቼ፣
መስመር በመስመር ወረድኩ፣ እራቴን ረስቼ።
ስህተት አገኘሁ፤ ከአንድ ፊደል ራስ ላይ የተዘነጋች ጭረት፣
የቀረችው፣ ምናልባት፣ እንቅልፍ ሲጥለው ሌሊት።
እሱ የእኔን ደብተር በቀይ ሲያርም የኖረው፣
ዛሬ ተራው ደርሶ እኔ ተማሪው ላርመው?

አረምኩት። ፕሮግራሙ ወዲያው ጠየቀኝ ስሜን፤
ያረመ ይፈርማል፣ የመጨረሻው መሆኑን።
የመጨረሻው። እኔ! ዳቦ በጀርመንኛ የምገዛ፣
ለልጄ ያቺን ቋንቋ በእሹሩሩ ብቻ የሰጠሁ፣ እንደ ዋዛ።

ጠቋሚዋ ብልጭ ትላለች፤ ባዶው ቦታ ይጠብቃል።
ዝናቡ አልቆመም። ሻዬ ቀዝቅዟል።
«ምን እየሠራህ ነው?» አለች ሌይና፣ ከበሩ ሆና፣ በጀርመንኛ።
«ጎተራ እየፈለግኩ» አልኳት፣ በእኛው፣ በሶርብኛ።
ቃሉን በአፏ አገላበጠችው፣ እንደ ትኩስ ድንች።
«ጎተራ ምንድን ነው?»

ወንበር ሳብኩላት።
ስሙን ገና አልጻፍኩም።