የኤርቪን ሳማ

ዛብዤ ዳርቻ ላይ፣ ከከሰል ክምር ሥር፣
እኔና ኤርቪንን የሚለየን አንድ አጥር።
እኔ በዚህ በኩል ጎመኔን ስቆጥር፣
እሱ በዚያ በኩል አበባ ይተክላል፤
«ይበላል ወይ?» ስለው፣ «ዓይን ይበላዋል» ይላል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ምድር ውስጥ ነው ያለፈው፣
ጨለማ ሲያስገባው፣ ጨለማ ሲያስወጣው፤
በክረምቱ ወራት ፀሐይን የሚያውቃት
እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፣ በእሑድ ብቻ ሊያያት።
ጡረታ ሲወጣ ሰዓት ሸለሙትና
በማግሥቱ መጣ ጭራሮ ያዘና።
ጥላ እየለካ ሲተክል፣ ሲነቅል
ሰኔን አሳለፈ፤ አበደ ስል፣ ስል፣
«በቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ ካልነካው
ይህ ዘር አያብብም፤ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ፍግ ላበድርህ ወይ?» ብለው፣ «ተይ» አለኝ፣ «ተይ፤
ጠግቦ ያደገ ግንድ አይቆም ነፋስ ላይ።»
አሸዋ ደባልቆ፣ የጡብ ስብርባሪ፣
ጦስኙን ከዳር፣ ላቬንደሩን ከመሀል፣
አስተሩን ከኋላ፣ ለመስከረም ቀሪ፤
የጃርት ራስ ያለው ኤኪናሲያ ደግሞ ፀሐይ ከምትውል።

አንደኛው ዓመት ቅጠል።
ሁለተኛው ዓመት ያው ቅጠል፣ ያው ዝምታ።
ባሌ ኮንራድ ሳቀ፤ እኔም አልቀረሁም።
«ሥር እየቆፈረ ነው» አለን በርጋታ፣
«ታች የሚሠራ ሰው ከላይ አይታይም።»

በሦስተኛው ሐምሌ አጥሩ ጠበበው።
ንቡም ቢራቢሮውም እሱ ጋ ሰፈሩ፤
ነጮቹ ብቻ ናቸው ጎመኔን ያከበሩ።

ግን ከጥግ በኩል ሳማ ለቀቀ፣ በገዛ እጁ!
ለማኅበሩ ጻፍኩ። ስሜንም አልደበቅኩ።
ሦስት ሰዎች መጡ፣ ሜትር አንጠልጥለው።
ኤርቪን ያለ ጓንት ቅጠሉን ገለበጠ፦
ጥቁር አባጨጓሬ፣ እንደ ከሰል ቆፋሪ ተሰልፎ።
«እናቷን ጋብዤ» አለ፣ «ልጇን ላስርባት?»
ማኅበር ማኅበር ነው፤ አንድ ወር ሰጡት።

ወሩ ሳይሞላ ግን ሳንባው አስተኛው።
ቀኑ ሲደርስ ማጭድ ይዤ ሄድኩ፣
የከሰስኩት እኔ፣ የምጨርሰው እኔ።
ጓንቴ ቀዳዳ ነበረው፤ ሳማው አወቀው።
እጄን እያሻሸሁ አጥሩን ተደግፌ
ወደ ራሴ ጓሮ አጎንብሼ ባይ፣
በእኔ በኩል ካለው እንጨት ተዘቅዝቆ
የደረቀ ቅጠል የሚመስል ነገር
ተንቀሳቀሰ።

ቆምኩ። ምድጃ ላይ የተውኩት ሾርባም አረረ።
ክንፏ እስኪደርቅ ድረስ አንድ ሰዓት፣ ምናልባት ሁለት፤
ከዚያ ዘረጋችው፦ የጡብ ቀለም፣ አራት ዓይን፣
ሰማያዊ ብሌን ያለው።
በርራ ሄዳ ከኤኪናሲያው ራስ ላይ ዋለች፣
«ዓይን ይበላዋል» ያለኝን እየበላች።

ማጭዱን መለስኩ። ማታ ስደውልለት
ስለ ዝናብ ብቻ፣ ስለ ሆስፒታሉ ምግብ አወራን።
ክሴን ማንሳቴንም አልነገርኩት።
ከጎመኔ ጀርባ አንድ ሳማ በቅሏል፤
ነገ እነቅለዋለሁ እያልኩ፣ ይኸው ነሐሴ አልቋል።