አራተኛው ቀለም

ሎድ፣ ከጥገናው ሼድ ጀርባ፣ ሐዲዱ ካለቀበት፣
አንድ ፉርጎ ቆሟል፣ የዱር ሰናፍጭ የበቀለበት።
አለቃችን ሳሶን መፋቂያ ሰጠኝና፣
“እስከ እንጨቱ ፋቀው፤ ቀስ በል፣ ጊዜ አለን ገና”
ብሎኝ ሄደ።

መጀመሪያ ግራጫው ተላጠ፤ የመጋዘን ዘመን፣
ብሎንና ገመድ የታጨቀበት። ቀጥሎስ ማን?
አረንጓዴው፣ የወታደሩ። እሱም ቀን ሳይሞላው ረገፈ።
ከሥሩ ቡናማ፤ አፍንጫዬ ካልዋሸኝ፣ ስንት ክረምት ያለፈ
የብርቱካን ሽታ።

በአራተኛው ቀን፣ ከአራተኛው ቀለም፣ ነጭ መጣ፤
በነጩ መሀል፣ እንደ ቁስል፣ ቀይ መስቀል ወጣ።

በያጁ ሱብሒ፣ የሎድ ሰው፣ ሻዩን እንደያዘ ደረሰ፤
አይቶ ዝም አለ፤ መስቀሉን በመዳፉ ዳበሰ።
“እሷ ናት” አለኝ፤ “አያቴን የጫነች።
ሐምሌ ነው፤ ምሳ ቀርቦ ሳለ ምድር ተንገዳገደች፤
ጣራው ገበታው ላይ ወረደ፤ እግሯ ከድንጋይ ሥር ቀረ፤
ዘጠኝ ዓመቷ ነበረ።
ባቡሩ የጦር ነው፤ ጦሩ አልቆ፣ ጥግ ቆሞ የከረመ፤
መቅሠፍት ከጦርነት አልጋ ተዋሰና ሰዉ ተጋደመ።
አልጋው ለወታደር ቁመት የተለካ፤ ለእሷ ግማሹ ተረፈ፤
በተረፈው ላይ ስሙን የማታውቀው ልጅ አረፈ፤
እጇን ያዘ። እስከ ቱልካረም ያዘ።
ከቱልካረም ወዲያ የልጁ እጅ ቀዘቀዘ፤
እሷ ግን ሃይፋ እስኪገቡ አልለቀቀችም።
አርጅታም፣ ባቡር ሲጮኽ፣ መዳፏን አትከፍትም።”
ሻዩን ሳይጠጣ ሰናፍጩ ላይ ደፋው።

ውስጧ ገባሁ። ሦስት ደርብ አልጋ፣ ሠላሳ ስድስት መንጠቆ፤
ወለሉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለ፣ ዝገት የከበበው ጠልቆ፣
ውሃ የሚወርድበት።
ምን ያጥቡ እንደነበር ሱብሒን አልጠየቅሁትም።

ልጅ ሆኜ፣ ወገራ፣ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው፤
ዱቄት እንጂ ሕመምተኛ ሲያመላልስ ማን አየው?
የታመመ የሚሄደው በሰው ትከሻ ነው፤
ሁለት አጠና፣ አንድ ጋቢ፣ ስምንት ጎረቤት፤
አራቱ ሲዝል አራቱ “አምጣ!” ይላል ከፊት፤
ዳገት ይሁን ቁልቁለት፣ ቃሬዛ መሬት አይነካም። ነውር ነው።

ወደ ሱዳን ስንወርድ እትዬ ታከለች ታመመች።
ስምንት ሆነን አነሣናት፤ “አስቸገርኳችሁ” አለች።
ከስምንት ስድስት ቀረን፤ ከስድስት አራት፤
ከአራቱ አንዱ እኔ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት።
በአምስተኛው ሌሊት “አምጣ” የሚል ጠፋ፤

ቃሬዛው መሬት ነካ።

ሐሙስ ዕለት ሳሶን መጣ፣ ጭንቅ ይዞት፤ “ምን እንቀባበት?
ሙዚየም ነው የሚገባው። መስቀሉ ይቅር? ኮከብ ይደረግበት?”
“ጨረቃስ?” አለ ሱብሒ። ሦስታችንም ሳቅን።
“እንዲሁ ይሁን” አልሁ እኔ፤ “እንጨቱን ተዉት፤ እዚህ በቃን።”

ከዚያ የታችኛውን አልጋ፣ ልናጥበው፣ ፈትተን አወጣን።
ሸራው የለም፤ ብረቱ ግን ያው ነው፤ ክብደቱ ያው ነው፤
እኔ ከራስጌ፣ ሱብሒ ከግርጌ። ደጃፉ ላይ ደከመው፤
ጉልበቱ ሲብረከረክ፣ “አምጣ!” ብዬ ጮኽሁ፣
በአማርኛ፣ ሳላስበው።

ቃሉን የማያውቀው ሳሶን ስልኩን ኪሱ ከትቶ
ከሱብሒ እጅ ተቀበለ፣ ጎንበስ ብሎ ገብቶ።

የሃይፋው ባቡር በአጠገባችን አለፈ፣
መስኮቱ ሁሉ ወታደርና ተማሪ፤ ቀና ያለ የለም።
አልጋውን አሻግረን ሰናፍጩ መሀል ካለው ጠረጴዛ አኖርነው።

መሬት አላስነካነውም።