ለመያዝ አምስት ይበቃል

ኮይምባቶር፣ ሚያዝያ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣
ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ማራገቢያው የሚነፋው እሳት።
ከገበሬው ጉድጓድ የተመለሰው ካርድ
ጠረጴዛዋ ላይ ተንጋሏል፤
ከአራተኛው ሪሌ ሥር ማድያት አውጥቷል።

«ቀትር ሲሆን ይቆማል» ብሏል ገበሬው፣
«ውሃው ሲፈለግ ነው ፓምፑ የሚያኮርፈው።»

ቫላርማቲ ጣቷን ላከችና ቶሎ ሰበሰበች፣
በምራቋ አራሰች።

አሥራ ሁለት ሪሌ፣ ትከሻ ለትከሻ፣
እንደ አውቶቡስ ሰልፍ፤ የለም መተንፈሻ።
አራራቀቻቸው። መዳቡን አሰፋች፣
ክር የነበረውን መቀነት አረገች፤
ከሥር ጥቃቅን ቀዳዳ በሳች፣
ሙቀቱ በጓሮ በር ሾልኮ እንዲወጣ።
መለኪያው ግን ዘጠና ላይ ቆሞ
ንቅንቅ አላለም።

ማታ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ካርዱ ብቻ ሲነቃ፣
ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች፦ «ቀጭ!» አለ፣ በቃ።
ያቺ «ቀጭ» ናት ጉልበት የምትጠይቀው፤
ከዚያ ወዲያማ ምላሱ ተጣብቋል፣ ምን ሊያስለቅቀው?
ቮልቱ ግን አሥራ ሁለት፣ ቀኑን ሙሉ አሥራ ሁለት፣
ሰላምታው አልቆ እጅ እንደማይለቅ ሰው፣
መዳፍ እያላበው።

ለመሳብ አሥራ ሁለት።
ከቅጽበት በኋላ አምስት ሰጠችው።
አልለቀቀም። ያዘ።
ሰዓት ቆጥራ ጣቷን አሳረፈች፦
ለብ ብሏል፣ እንደ ተረሳ ሻይ።

ጠዋት አለቃዋ ፓላኒሳሚ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ምን ጨመርሽበት?» አላት፣ መለኪያውን አስተውሎ።
«ቀነስኩለት» አለች፤
ማድያታሙን ካርድ ከመስኮቱ በላይ በሚስማር ሰቀለች።