ሦስት ፍሬ በክብሪት ቀፎ

ከኮንሶ የመጣ የጭነት ሾፌር ነው
በክብሪት ቀፎ ውስጥ ላባቴ የሰጠው፤
ሦስት ፍሬ ብቻ፣ ክንፍ ያላት ፍሬ።
አንዷን ለቅማ በላት ያች የቤታችን አውሬ
(ዶሮዋ ማለቴ ነው)፤
አንዷ በሰበሰች በሐምሌ ጭቃ ስትማቅቅ፣
አንዷ ግን ወጣች፣ ሳትጠራ፣ ሳትጠበቅ።
ያቺ ነህ አንተ።

ስምህን ስንሰማ ሰፈሩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፣
ሽፈራው የሚባል ጥበቃ አለና ከጓሯችን ማዶ፣ በዱቄት ፋብሪካው ሜዳ።
«ጋሽ ሽፈራው፣ ቅጠል!» ይሉታል ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመጡ፣
ቆቡን ያነሳል እሱም፦ «ራሴ ይኸው፣ ሸምጥጡ!»

«ሺ ደዌ የፈራው» ብሎ ፈታው አባቴ
ስምህን እንደ ቅኔ፤ ዝም አለች እናቴ።

አባቴ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፈትል ክፍል ውስጥ የጥጥ ብናኝ የዋጠ፣
ጆሮውን ለማሽን ጩኸት ያለ ዋጋ የሸጠ፣
ጡረታ በወጣ ማግስት ሌላ ፈረቃ ያዘ፦
ጠዋት ውሃ፣ ማታ ቅጠል፤ ከሥርህ ቆሞ ፈዘዘ።
«ፀሐይ ካየው ጉልበቱን ትመጥበታለች» እያለ
በጥላ አደረቀህ፣ ነጠላ ላይ፣ አንድ በአንድ እየነጠለ።
ወቀጠህ፣ ነፋህ፣ በድልህ ጣሳ ከተተህ፤ አረንጓዴ ዱቄት፣
ጠረንህ ሣር፣ ጣዕምህ ጎመን፣ ጫፍህ ላይ ትንሽ ምሬት።

የጦይባ ልጅ እክራም ጤና ኬላ ክንዷን ሲለኳት
ባለሦስት ቀለሙ ጥብጣብ ቢጫ ላይ ቆመባት።
«ምን ትበላለች?» «ገንፎ።» «በምን?» «በውሃ፣ በጨው፣ በተስፋ፣»
አለች ጦይባ፤ ሳቅ መሰለ፣ መሐል ላይ ግን ሳቋ ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ ገንፎዋ በየጠዋቱ ለመለመ፤
አንድ ማንኪያ ካንተ፣
እንቁላሉ ከዶሮዋ (የፍሬዋን ዕዳ ትክፈል)፣
ወተትም በተገኘ ቀን፤
በጥቅምት ሲለኳት ጥብጣቡ አረንጓዴው ላይ ቆመ።
አባቴ ግን ዶሮዋን ረሳት፣ ወተቱን ረሳ፣
ላንተ ብቻ ሰጠህ የድሉን ሙገሳ።

ከሐርቡ፣ ከገርባ ሰው ይመጣ ጀመር፣ ፌስታል ይዞ፣ ወሬ ይዞ፣
ደም ግፊት፣ ቁርጥማት፣ መካንነት ሳይቀር ተሸክሞ፣ ተጉዞ።
አባቴ ላንዱም «የለም» አላለ። አልዋሸም፤ አመነ።
ማመኑ ነው የከፋው። የገዛ ስኳሩን ባንተ ቅጠል መዘነ፣
ክኒኑን ከሥርህ ቀበረ፤ እንደ ዘር አፈር ከደነ።

በኅዳር አንድ ሌሊት «ውሃ» አለ፤ ጠጣ፤ «ውሃ» አለ እንደገና፣
እኔን በሟች እኅቱ ስም ጠራኝ፤ ፊቴ ከፊቱ ጠፋና።
በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ
ጭጋግ ወርዶ መንገዱን ዋጠ፤ ደሴ «ይኸው» እያልን ታጣ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አልተቆጣችም። ከኪሱ የረገፈውን አሸተተች፤
«እኛም ቤት አለ፤ ምግብ ነው አባባ፣ ደግ ምግብ» አለች።
«ሽሮም ደግ ነው፤ ግን ስኳርን በሽሮ የሚያስታምም አይተው ያውቃሉ?»
አባቴ ዝም። የተሰቀለው ከረጢት ጠብ፣ ጠብ። ብዙ ቆይቶ፣
«ልትቆርጡት ነው?» አለኝ። ለካ ይህን ነበር የፈራው፣ ሞቱን ትቶ።

አልቆረጥንህም።
ቦርከና ሲደፈርስ ፍሬህን ደቁሰን ጭቃውን እናዘቅጣለን፤
እስኪጠራ እንጠብቃለን፣ ከጠራም በኋላ እናፈላለን።
አባቴ የክኒኑን ብልቃጥ በክር አስሮ ከዝቅተኛው ቅርንጫፍህ ሰቀለ፣
«ሺ አንደኛው ፍሬ ነው፣ ጠዋት ጠዋት የምለቅመው» እያለ።

እናቴ አሁንም ዝም ናት። ሽሮዋ ግን አረንጓዴ ነው።
በሩም እየተንኳኳ ነው፤
ጋሽ ሽፈራው፣ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ በራ ራሱን ገልጦ፦
«ከኔ ላይ አልቆ ነው፤ ትንሽ ቅጠል ብታበድሩኝ ምነው?»