የመጥረጊያ ተራ

የጦሳ ጉም ገና፣ ሳይለቀው ሜዳውን፣
ዘበኛው ጋሽ ይርዳው፣ ዘግቶታል በሩን።
ያረፈደ ሁሉ፣ ይንበረከክ ደጁ፤
አንድ ዓመት አርፍጄ፣ አልተሻረም አዋጁ።
«አንቺስ ግቢ» አለኝ፣ «እንግዳ ነሽ ዛሬ»፤
እንግዳ? እኔ ልጅቷ? በገዛ ሰፈሬ?

ስልሳ ስምንት ሆነን፣ በዴስክ ሦስት ሦስት፣
ክርን ከክርን ጋር፣ ለአንድ ደብተር ስፋት።
ሞኒተሯ ሉባባ፣ እስክሪብቶ ጨብጣ፣
ያወራውን ሁሉ፣ ስትጽፍ ዓይኗን አፍጥጣ፣
ዛሬ ግን ወረቀቷን፣ ከደብተሯ ከታ፣
ከሁሉም ቀድማ እሷ፣ ጠየቀች ተጠግታ፦
«ጃፓን ትምህርት ቤት፣ አለንጋ አለ ወይ?
ኩረጃስ? ፈረቃስ? ሒሳብ ይከብዳል ወይ?»

አለንጋ የለም አልኩ። ደወሉም ዜማ ነው።
መምህር ሲገባ፣ መነሣቱ እንደኛው፤
ጎንበስ ይጨመራል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል።
«እንደ መስጊድ?» አለ እንድሪስ።
«እንደ ቤተ ክርስቲያን» አለች እቴነሽ።
«እንደ ሁለቱም» አልኩ። ተሳሳቁ፤ ተስማሙ።

ዴስኩ ደግሞ ለአንድ ሰው። አንድ ልጅ፣ አንድ ወንበር፤
ጎረቤት ያጣው ክርኔ፣ ሲበርደው ነበር።

ሚዶሪ የምትባል፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣
ምሳዋን ደረጃ ሥር፣ ብቻዋን ስትመገብ፣
ማንም አልሰደባት፣ ማንም አልጠራትም፤
እንዲህ ያለ ጨዋ፣ ቅጣት አላየሁም።
እኛ ጋ ብትሆን፣ ገና በሁለተኛው ቀን፣
ሳንቡሳዋን ነጥቀን፣ ቅጽል ስም ሰጥተን፣
አስለቅሰን፣ አስቀን፣ መሃል ባስቀመጥናት፤
ይሻላል አልልም። ግን ዴስክ ባልሰፋባት።

«ጽዳቱስ የማን ነው?» አለ ከኋላ አንዱ፤
ይጠርጋሉ አልኩት፣ በየቀኑ፣ ሴት ወንዱ፤
ሀብታም ድሃ ሳይል፣ ሰነፍ ጎበዝ ሳይል፣
መጥረጊያ እዚያ አገር፣ እንደ መጽሐፍ ይታደላል።
«እሱንማ አለን!» ክፍሉ በሳቅ ሰክሮ፣
ጣት ሁሉ ጠቆመ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ።
በመስከረም የወጣው፣ በፕላስተር ተጣብቆ፣
የመጥረጊያ ተራ፣ ጥጉ ተገንጥሎ ወልቆ፦
ሰኞ እነ እንድሪስ፣
ማክሰኞ እነ እቴነሽ፣
ሐሙስ ጦይባ ይመር።

ማንም አልሰረዛት።
ሳቁ ቆመ።

ጦይባ ናት በነሐሴ፣ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ፣
ሰኞ ገበያ ወርዳ፣ ሻንጣ ያስመረጠችኝ።
«ጎማው እንዳይነቀል፣ ጠንካራውን ያዢ፤
በረዶ አገር ነው አሉ፣ ወፍራም ካልሲ ግዢ።»
በጥር እሷም ገዛች፣ ያችኑ የመሰለ፤
ካልሲ ግን አልገዛች፣ ብርድ እዚያ ስለሌለ።

አሥራ ሰባት ዓመት፣ ብሎ ፓስፖርቴ ጻፈ፤
የእሷን ግን ደላላው፣ በስድስት አሳለፈ።
ባንድ አየር ማረፊያ፣ መንፈቅ እንኳ ሳይሞላ፣
እኔ ወደ ትምህርት፣ እሷ ወደ ሌላ።

ደማም ነው ያለችው። ባለ አራት ፎቅ ቤት፤
ከሱብሂ አስቀድማ፣ ትጀምራለች ጽዳት።
ትናንት በኢሞ ደውላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ሐሙስ የማን ሆነ?» ነው ያለችኝ፣ ሲነጋጋ።
ስለ በረዶው ሳትል፣ ስለ ደሞዟ ሳትል፣
ስለዚያ ስለተሰነጠቀው፣ ስለ ክፍላችን ወለል፦
«ደረቁን አትጥረጊ፣ ውሃ አርከፍክፊበት፤
ሉባባን ያስላታል፣ አቧራ ሲነሣባት።»

ተደወለ። ወጡ።
«የቱ ይሻላል ታዲያ?» አለችኝ እቴነሽ፣
ቦርሳዋን አንግባ፣ መልሴን ሳትጠብቅ።
እኔም መልስ አልነበረኝ።
ቀኑ ሐሙስ ነበር። ውሃ በጣሳ ቀዳሁ።
ከኋላ ጀምሬ፣ ከእኛ ዴስክ ሥር ጠረግሁ፤
የማስቲካ ልጣጭ፣ የጠመኔ ስባሪ፣
ሁለት የእርሳስ ቅራፊ፣
የማን እንደሆነ የማላውቀው አንድ ቁልፍ።

ሉባባ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።
አላሳላትም።