መወርወሪያ

የኮምቦልቻ ሙቀት፣ ሲበርድ አመሻሹን፣
ከጨርቃጨርቁ ጓሮ፣ ወጥረን መረቡን፣
ስሙ ለአፍ የማይመች፣ ጨዋታ ጀመርን፤
ፒክልቦል ነው አሉን።

"ዝቅ አርገው ክንድህን፣ ከወገብህ በታች!"
ቶይባ እንዲህ ብላ፣ አሥር ጊዜ ተቆጣች።
የኔ ምት ግን በረረ፣ ቦርከናን ሊሻገር፤
ልጆቹ ከአጥር ላይ፦ "ጋሼ፣ ለነገ ይደር!"

አባቴን አሰብኩት፣ ከሽመና ጉድጓዱ ገብቶ፣
መወርወሪያውን ሲልክ፣ አንጓውን አላልቶ፤
ክንዱ አይጮህም ነበር፣ ድሩም አይበጠስ፤
ሹልክ ትላለች እንጂ፣ ማዶ እስክትደርስ።

ጎንበስ አልኩ። ትንፋሽ።
ለቀቅኩና ኳሷን፣ ላክኋት፤ አልመታኋት።
የመረቡን አናት ታክካ፣ የኖራው ጥግ ዋጣት።

ቶይባ ባለችበት፣ ደርቃ፦ "ማን አሳየህ?"

ልመልስላት ስል፣ ሁለተኛዋን መታሁ፤
መረቡ ያዘብኝ፤
ስሙን ዋጥሁና ሳቅሁ።